በአሥር ሰዓት የሚሰማው ድምፅ

ቺጉሳ ወደ እኛ መንገድ የመጣች ዕለት ከባሕሩ በኩል ዝናብ ይዞ የሚነፍሰው ነፋስ ሰው አላራምድ ብሎ ነበር።

የሺዮሚ የገበያ መንገድ ከዳር እስከ ዳር ጣሪያ ለብሷል። ግራና ቀኝ ሃምሳ ስምንት ሱቆች አሉበት፤ በዚያን ጊዜ የሚሠሩት ግን ዘጠኝ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ተጠቅላይ የብረት በራቸውን ካወረዱ ዓመታት አልፈዋል። ነፋስ ሲገባ በሮቹ ከመንገዱ አፍ እስከ መጨረሻው በተራ ይንቀጠቀጣሉ፤ አንድ የማይታይ ሰው በጣቱ እያንኳኳ የሚያልፍ ይመስላል። እኔ ከዘጠኙ ባለሱቆች አንዷ ነኝ፤ የልብስ ቁልፍና ክር እሸጣለሁ። የምነግራችሁን ግማሹን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ግማሹን እሷ ራሷ አጫውታኛለች።

ሃያ ስምንት ዓመቷ ነበር። የነጋዴዎች ማኅበራችን ለአንድ ዓመት ከኦሳካ የቀጠራት ሠራተኛ ናት፤ ሥራዋም በዚህ መንገድ ላይ እንደገና ነፍስ መዝራት ነበር። ገና ከባቡር ጣቢያው ወጥታ ወደ መንገዱ አፍ እንደደረሰች ነፋሱ ጃንጥላዋን ገለበጠውና ሁለት ሽቦ ሰበረባት። ቀና ስትል ራሷን ከአንድ ጃንጥላ ቤት ፊት ለፊት አገኘችው።

«ይስጡኝ» አለ ከውስጥ አንድ ሰው።

ሬንጂ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመቱ፣ ቀጭን፣ ቃል ቆጥቦ የሚናገር። ጃንጥላውን ተቀብሎ ጉልበቱ ላይ ዘረጋው፤ ሽቦውን አወጣና ሌላ ያስገባ ጀመር። ቺጉሳ ጣቶቹን እያየች ቆመች። በመጨረሻ ቀና ብሎ ሲያያት ልትጠይቀው ያሰበችው ሁሉ ጠፋባት።

በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው ከጭንቅላታቸው በላይ ያለውን ኮቴ የሰማችው። ዘገምተኛ ነው። ዘጠኝ እርምጃ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይዞርና ዘጠኝ እርምጃ ይመለሳል።

«ላይ ቤት ሰው አለ እንዴ?»

«የለም።»

«ታዲያ የሚራመደው ማነው?»

«አይጥ ነው።»

«ጫማ ያደረገ አይጥ?»

ፈገግታ ከንፈሩ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ጃንጥላውን አጥፎ ሰጣት። «ከጣሪያው ሥር ሲወጡ ወደ ቀኝ ያዘንብሉት» አላት፤ ሌላ ቃል አልጨመረም።

ያንን ኮቴ ሁላችንም ሰምተነዋል። የሬንጂ አባት ጋሽ ቶኩጂ ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት ሌላ ከተማ ወዳለ የአረጋውያን ማረፊያ ገብተዋል ተብለን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የላይኛው ፎቅ መስኮት ተከፍቶ አያውቅም። ኮቴው ግን አልቆመም። እርስ በርስ እንተያይና ስለ ዓሣ ዋጋ እናወራለን። እኛ ዘንድ የማይነገርን ነገር መጠየቅ ነውር ነው።

በማግስቱ የማኅበሩ ሊቀመንበር እትዬ ፉሳኤ ቺጉሳን ይዘዋት ከሻይ ቤቱ በላይ ወዳለችው ጠባብ ክፍል ወጡ። እትዬ ፉሳኤ ዓሣ ቀጥቅጠው በእንፋሎት አብስለው የሚሸጡ፣ ቁጭ ብለው ማውራት የማይሆንላቸው ሴት ናቸው። በክፍሏ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማይክሮፎንና ትራስ ያለበት ወንበር አለ።

«ቶዋኮ እዚህ ተቀምጣ አርባ ዓመት አወራች» አሉ። «በየቀኑ በአሥር ሰዓት። በመንገዱ ሙሉ ድምፅ ማጉያ አለ። ዛሬ ምን ዓሣ ገባ፣ የማን ልጅ ተወለደ፣ ማን ጋ ምን ይገኛል፤ ሰው ሥራውን አቁሞ ነበር የሚያዳምጣት። ሰባት ዓመት ሆናት ከሞተች። ከዚያ በኋላ ነው በሮቹ አንድ በአንድ መውረድ የጀመሩት።»

ቺጉሳ ትራሱን አየችው። መሐሉ ጎድጉዷል፤ ሰው አሁን ከላዩ የተነሣ ይመስላል።

«ማን ይቀመጥበታል?»

«ማንም። በወር አንዴ መጥቼ አቧራ እጠርጋለሁ።» እትዬ ፉሳኤ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጠረጴዛው ላይ አቧራ አለ፣ ወለሉ ላይ አለ። እዚያ ትራስ ላይ ግን አንድም ቀን አግኝቼ አላውቅም።»

ቺጉሳ ግን ሥራ ልትሠራ ነው የመጣችው። ከሱቅ ሱቅ እየዞረች ታሪካችንን ጠየቀች፣ ጻፈች፣ በአሥር ሰዓት በማይክሮፎኑ ማንበብ ጀመረች። ከዚያም አንድ ነገር ጨመረች፦ እያንዳንዳችን ዕቃ ስንሸጥ በከረጢቱ ውስጥ የራሳችንን ሳይሆን የጎረቤታችንን ታሪክ የያዘች ወረቀት እንድናስገባ።

«የቶፉ ሻጩን ታሪክ? እኔ?» አሉ ሻይ ሻጩ ጋሽ ካጂዋራ፤ ቶፉ የሚባለውን የአኩሪ አተር አይብ የሚሸጠው ጎረቤታቸው ነው። «ሬዲዮውን እያስጮኸ ሠላሳ ዓመት ያደነቆረኝ ሰው እኮ ነው!»

«በቃ እሱኑ ይንገሩኝ፤ እጽፈዋለሁ» አለች።

ጻፈችው። በወሩ ከጎረቤት ከተማ የመጡ ሴቶች «ያ ባለ ሬዲዮው የት ነው?» እያሉ ቶፉ ሲገዙ፣ የቶፉ ሻጩም በተራው «ሻይ ከፈለጋችሁ እዚያ ኩርፍተኛ ሽማግሌ ዘንድ ሂዱ» እያለ ሲልካቸው አየን። ሳቅን። ስንት ዓመት ሆኖን ነበር በመንገዱ ላይ ሳቅ ከሰማን!

ከዚያ ያ ነገር መጣ።

አንድ ቀን የጋሽ ካጂዋራን ታሪክ እያነበበች ነበር። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ሟች ይቆሉት የነበረውን ሻይ ጣዕም መልሰው ማግኘት እንዳልቻሉ በወረቀቱ ላይ ጽፋለች። እዚያ ላይ መቆም ነበረባት። አልቆመችም።

«ታችኛውን የሻይ ሣጥን ገልብጠው። ሁለት ወለል አለው» አለ ድምፁ።

ወረቀቱ ላይ እንዲህ የሚል የለም። ቺጉሳ እንደነገረችኝ ጉሮሮዋ የበረዶ ውኃ እንደዋጠ ሰው ቀዘቀዘ፤ ቃሉ ካለፈ በኋላ ነው አፏ መናገሩን ያወቀችው። ጋሽ ካጂዋራ ሣጥኑን ገለበጡ። ከሁለተኛው ወለል ሥር በሚስታቸው እጅ የተጻፈች ወረቀት ወጣች፤ የቅጠሉ ድብልቅ፣ የእሳቱ መጠን፣ ሁሉም። ያን ቀን መንገዱ በሙሉ የተቆላ ሻይ ሸተተ። ሽማግሌው በራቸው ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ።

«ማን ነገረሽ ልጄ?»

«አላውቅም ጋሼ። እውነቴን ነው፣ አላውቅም።»

እትዬ ፉሳኤ ወደ እኔ ዞር ብለው በጆሮዬ «የቶዋኮ አነጋገር ነው» አሉኝ። «ቃሉን መጨረሻው ላይ ሳብ የምታደርገው እሷ ብቻ ነበረች።»

ፍርሃቷን ለማንም አልነገረችም፣ ለሬንጂ ካልሆነ በቀር። በየቀኑ ንባቧን ስትጨርስ ጃንጥላ ቤቱ ጎራ ማለት ለምዳ ነበር። ጨርቁን ከሽቦው ጋር መስፋት አስተማራት። ሁለቱም በአንድ ጃንጥላ ግራና ቀኝ ተቀምጠው ሲሰፉ ጉልበታቸው ሊነካካ ጥቂት ይቀረዋል፤ አይነካካም። በመስታወቱ አልፌ ስሄድ አያቸው ነበር። ከላይ ኮቴው ይመላለሳል። እሷ ስለ ኮቴው መጠየቅ ትታለች፤ እሱ ደግሞ ሳትጠይቀው ስለቀረች የሚያመሰግናት ይመስል ሻይዋን አብርዶ ይሰጣታል።

«ትፈሪያለሽ?» አላት አንድ ቀን። ለመጀመሪያ ጊዜ «አንቺ» ማለቱ ነበር።

«ማይክሮፎኑን ስከፍት ከኋላዬ ሰው ያለ ይመስለኛል። ስዞር የለም።» መርፌዋን አቆመች። «አንተስ? ምንድነው የምትፈራው?»

ወደ ኮቴው ቀና አለ።

«የዚህን ቤት ታሪክ እንዳታነቢ» አላት። «ሁሉንም አንብቢ። የእኔን ብቻ ተዪልኝ።»

«እሺ።»

«ቃል ግቢልኝ።»

«ቃሌ ነው፣ ሬንጂ።»

እጇን ያዘ። መርፌው በመሐላቸው ነበርና ወጋው፤ እሱ ግን አለቀቃትም።

በዚያ ወራት አንድ ኩባንያ መንገዱን በሙሉ ገዝቶ ጣሪያውን ሊያፈርስ ጥያቄ አቀረበ። የምንወስነው ክፍት ሱቅ ያለን ዘጠኛችን ነበርን። አራታችን አይሸጥም አልን፣ አራቱ ይሸጥ አሉ። የቀረው የሬንጂ ድምፅ ነበር፤ እሱም ለመሸጥ እንዳሰበ ለቺጉሳ ነገራት።

«ለምን?» አለችው። «ሰው እየተመለሰ እኮ ነው። አታይም?»

«አያለሁ። ሰው ሲበዛ ነው ለእኔ የሚከፋው።»

«አልገባኝም።»

«እንዲገባሽ አልፈልግም» አለና ፊቱን አዞረ።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ በአሥር ሰዓት፣ ስለ ቶፉ ሻጩ ሬዲዮ አዲስ ታሪክ እያነበበች ሳለ ድምፁ ተመለሰ። ሁላችንም ሰማነው። እኔ ክር እየለካሁ ነበር፤ መቀሱ ከእጄ ወደቀ።

«ቶኩጂ ከጃንጥላ ቤቱ በላይ ነው። የሚራመደው መውጫ አጥቶ ነው። በሩን ክፈቱለት።»

ቀጥሎ የሰማነው የጃንጥላ ቤቱ የብረት በር ሲወርድ ነው።

ቺጉሳ ደረጃውን በሩጫ ወርዳ በሩን ደበደበችው።

«ሬንጂ! እኔ አይደለሁም! አላውቅም ነበር፣ በእናቴ!»

«ቃልሽ ነበር» አለ ከበሩ ጀርባ። ድምፁ ቁጣ እንኳ አልነበረበትም። «ሂጂ።»

ዐሥራ ሁለት ቀን ሙሉ በሩ አልተከፈተም። ቺጉሳም ማይክሮፎኑን አልነካችም። ምግብ ሠርታ ከበሩ ሥር ታስቀምጣለች፤ በማግስቱ ሳህኑ ታጥቦ ይቆያታል፤ ቃል ግን የለም። እኛም አፈርን። ጋሽ ቶኩጂ ከላያችን ሁለት ዓመት ሲራመዱ ሰምተን ዝም ያልን ሰዎች ነን።

በዐሥራ ሦስተኛው ቀን ጭጋግ ከባሕር ወጥቶ ከጣሪያው ሥር ገባ። እኩለ ቀን ነው፤ ከሱቄ ሆኜ ፊት ለፊት ያለውን ሱቅ ማየት አልችልም ነበር። ቺጉሳ በማይክሮፎኑ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ሳለች በሩ ተበረገደ። ሬንጂ ነበር፤ ጫማ አላደረገም።

«አባቴ ጠፋ» አላት። «የኋላውን በር ከፍቶ ወጣ። ጥሪልኝ።»

ማይክሮፎኑን አየችው። «ብፈራስ? ደግሞ ያ ድምፅ ቢመጣስ?»

«ይምጣ!» አለ። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «ገና ሳይብስበት እጄን ይዞ ለመነኝ። ‹እንዲህ ሆኜ ሰው እንዳያየኝ› አለኝ። እኔም ቃል ገባሁለት። ለዚያ ነው የደበቅሁት። አሁን እኔን ራሴን አያውቀኝም፣ ቺጉሳ። ‹አንተ የማን ልጅ ነህ?› ይለኛል። ላስወጣው አልቻልኩም፣ ላስቀምጠውም አልቻልኩም።»

አጠገቡ ተንበርክካ ጭንቅላቱን ደረቷ ላይ አስጠጋች። ከዚያ ተነሣችና ማይክሮፎኑን ከፈተች። ያን ቀን የተናገረችው እሷው ራሷ ነበረች።

«ጃንጥላ ሠሪው ጋሽ ቶኩጂ ጠፍተዋል። ግራጫ ሹራብ ለብሰዋል። ስማቸውን ረስተው ይሆናል፤ እናንተ ግን ታውቋቸዋላችሁ። እባካችሁ በራችሁን ክፈቱና እዩልን።»

ዘጠኛችን ወጣን። ጭጋጉ ውስጥ ቆመን «ቶኩጂ!» እያልን ስንጣራ ነው ሌላ ድምፅ የተሰማን። ጓ፣ ጓ፣ ጓ የሚል። የብረት በር ሲነሣ። አንድ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ከማዶ። ለዓመታት ያልተከፈቱ በሮች ዝገታቸውን እያራገፉ ተነሡ፤ በእያንዳንዱ ሥር መጀመሪያ እግር፣ ቀጥሎ ጉልበት፣ ቀጥሎ የደነገጠ ፊት ወጣ። የሞቱ የመሰሉን ሰዎች ነበሩ። ጫማ ሰፊው፣ የመድኃኒት ቤቷ ባልቴት፣ ሰዓት ጠጋኙ። ሱቃቸውን ዘግተው ከሱቁ ጀርባ ይኖሩ ነበር፣ እኛ እንኳ ረስተናቸው። በየቀኑ በአሥር ሰዓት ግን ከበራቸው ጀርባ ቆመው ያዳምጡ ነበር ለካ።

«በእኔ በር አልፏል!» አለ ጫማ ሰፊው።

«በእኔም! ወደ ታች!» አለች ባልቴቷ።

ጥሪው ከበር ወደ በር እየተቀባበለ ወረደ። መጨረሻ ላይ የቆመው ከአሮጌው የልብስ ሱቅ ዘንድ ነው። እዚያ የሚኖር ሰው የለም። ቁልፉ ከውጭ ተቆልፎ ዝጓል። ሬንጂ በድንጋይ ሰብሮ በሩን ሲያነሣ፣ ጋሽ ቶኩጂ በባዶው ሱቅ መሐል ወንበር ላይ እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል።

«እዚህ ምን ያደርጋሉ?» አልኳቸው።

«ተቀመጥ ተብዬ ነው» አሉ ረጋ ብለው። «ያቺ የአሥር ሰዓቷ ሴትዮ እዚህ አደረሰችኝ። ‹ትንሽ ጠብቅ፣ ይመጡልሃል› አለችኝ። እንዲያውም አሁን ገና ነው የወጣችው፤ ሳታገኟት ቀራችሁ?»

ምናልባት በኋላ በኩል ሌላ በር ነበር ይሆናል። ሄዶ ያየ የለም። እኔም አልሄድኩም፤ እስከ ዛሬም አልሄድኩም።

ከዚያ ቀን በኋላ ጋሽ ቶኩጂ እንደልባቸው ይራመዳሉ። ዘጠኝ እርምጃ ሳይሆን መንገዱን ሙሉ። ጠዋት ሬንጂ ሹራባቸውን ያስተካክልና ይለቃቸዋል። ሻይ ሻጩ አንድ ስኒ ያጠጧቸውና ለቶፉ ሻጩ «መጣልህ» ብለው ይደውላሉ፤ ቶፉ ሻጩ ለእኔ፣ እኔ ለእትዬ ፉሳኤ። ከበር ጀርባ የነበሩትም ወንበር አውጥተው ይጠብቋቸዋል፤ ወንበር ካወጡ አይቀር አንዳንዶቹ ዕቃም አወጡ። ቺጉሳ የሚወጣውን ዕቃ ሁሉ ታሪክ በአሥር ሰዓት ታነባለች። ያ ቀዝቃዛ ድምፅ አልተመለሰም። ሬንጂ አይሸጥም አለና ኩባንያው ጓዙን ሰብስቦ ሄደ። ሁሉም ተቃና አልልም፤ በዚያው ክረምት ቶፉ ሻጩ ታሞ ሱቁን ዘጋ። ግን አብረነው ነበርን።

ሬንጂና ቺጉሳ ታርቀው ጃንጥላ መስፋታቸውን ቀጠሉ። ነገር ግን ዓመቱ እያለቀ ነበር። ማኅበሩ ሌላ ዓመት ሊቀጥራት አልቻለም፤ ኦሳካ ደግሞ ሥራ ተገኝቶላታል። ሬንጂ ያውቃል። አንዲት ቃል አልተነፈሰም። እኔ እንኳ ተናድጄ «አንተ ድንጋይ! ምላስህን በላኸው?» ብዬዋለሁ። አንገቱን ደፋ። አባቱን ትቶ አይሄድ፣ እሷን «ከእንዲህ ያለ ቤት ጋር ራስሽን እሰሪ» አይላት። ይኼ ነበር ጭንቁ።

የመጨረሻዋ ቀን ቺጉሳ ልትሰናበት ወደ ጃንጥላ ቤቱ ስትገባ እኔም ክር ላደርስ እዚያው ነበርኩ። ጋሽ ቶኩጂ ከዙረታቸው ተመልሰው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ሁለቱ ቆመው ተያዩ።

ሽማግሌው አንዴ ልጃቸውን፣ አንዴ እሷን አዩ። ከዚያ በጣታቸው ጠርተው አስጎነበሷት።

«ስሚኝማ የእኔ ልጅ» አሉ፣ ሚስጥር እንደሚነግር ሰው፤ ግን ሁላችንም እየሰማን። «ይኼ ልጅ የማን እንደሆነ አላውቅም። አባቱን አላውቀውም። ግን ጠዋት ጠዋት ጫማዬን ያስረኛል። ስጮኽበት አይጮኽብኝም። አንቺ ስትገቢ ደግሞ ፊቱ ይበራል፤ እኔ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። ምስክር ከፈለግሽ እኔ አለሁልሽ። አግቢው።»

ሬንጂ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ቺጉሳ ሻንጣዋን አስቀመጠች። የሽማግሌውን እጅ በሁለት እጇ ያዘች፤ የምትመልሰው ግን ግድግዳው ዘንድ ለቆመው ነበር።

«እርስዎ ካሉ አገባዋለሁ» አለች። «አባቱንም እኔ አስተዋውቅዎታለሁ።»